ልጄ ያልተባለው

ሂዳያ ልጇን ስድስት ወር ሙሉ «ልጄ» ብላ ጠርታው አታውቅም። «ይሄ ልጅ» ትላለች፤ «የጎረቤት ልጅ» ትላለች፤ ሲጨንቃት ደግሞ «አንተ» ብላ ታልፈዋለች። ጡቷን እያጠባችው፣ ገላውን እያጠበችው፣ ባስነጠሰ ቁጥር ብድግ እያለች እንኳ ከዚህ ውልፍት አትልም። ጅል ናት እንዳትሉ። ሁለት በቀበረች ሴት ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሕፃን ትንፋሽ መቁጠርን ግን ለጠላትም አይመኙትም።

የመጀመሪያዋ ልጅ እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ላይ በሦስት ቀኗ ሄደች። ሁለተኛው በካናዳ፣ ኤድመንተን በሚባል ብርዳም ከተማ፣ ማሽን በሞላበት ሆስፒታል ውስጥ በአሥራ አንደኛው ቀኑ ሄደ። ሐኪሞቹ የልብ ነው አሉ፤ የመጀመሪያዋም ምናልባት የልብ ይሆናል አሉ። የሂዳያ እናት ዙለይሃ ግን ምናልባት የሚባል ነገር አታውቅም። ሾተላይ ነው አለች። ሾተላይ ደግሞ የሚያሳድደው እናትየዋ «ልጄ» ስትል የሰማውን ነው፤ ዙለይሃ ይህን ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ ሰምታዋለች።

ሦስተኛውን ኤድመንተን ልትወልድ ቀጠሮዋን ሁሉ ይዛ ነበር። አባቷ ሸህ ሙሐመድሁሴን ታሞ «ዐይኗን ልየው» ሲል ግን እንዴት ትቀራለች? በሰባተኛ ወሯ፣ ለሁለት ሳምንት ብላ መጣች። አባቷ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ፤ በአራተኛው መንገዱ ተዘጋ፤ በአምስተኛው ልጁ ጊዜውን ሳይጠብቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ባጃጅ እስኪመጣ እንኳ ሳይታገስ ከች አለ።

የተሸጠው በዚያው ሰዓት ነው። እትብቱ እንደተቆረጠ ዙለይሃ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልላ በበሩ ሳይሆን በጓሮው መስኮት አወጣችው። መስኮቱ ሥር ጎረቤታቸው ሠርክአዲስ አንድ ቁና ማሽላ ታቅፋ ቆማለች። «የሚሸጥ ልጅ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች፣ ግድግዳው፣ አጥሩና ያ የማይታየው ጠላት ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ዙለይሃም አለ፣ ነገር ግን ኮስማና ነው፣ ማን ይገዛዋል እያለች ተከራከረች። ማሽላው ጎታ ውስጥ ተገለበጠ፤ ሕፃኑ በሠርክአዲስ ክንድ ቤቱን ዞሮ በዋናው በር የባዳ ልጅ ሆኖ ገባ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናቱ ሠርክአዲስ ናት፤ ሂዳያ ጡት አጥቢው ናት። በእግሩ እስኪቆም ድረስ «የማነው?» የሚል ሰው ሁሉ መልሱን የሚያገኘው ከሠርክአዲስ አፍ ነው፦ የኔ። ሾተላይ የሂዳያን ልጅ ፈልጎ ቢመጣ የሚያገኘው የሠርክአዲስን ይሆናል፤ ከሠርክአዲስ ጋር ደግሞ ጠብ የለውም።

ሠርክአዲስ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ትተዳደራለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ዐሥር ዓመት አልፏል፤ ወልዳ አታውቅም። ገዢ ናትና ስም ማውጣትም የሷ ፋንታ ነበር፤ የኋላሸት አለችው። ከሸህ ቤት የኋላሸት ወጣ ተብሎ ሰፈሩ ሳቀ። ወሎ ነውና ነገሩ ከሳቅ አላለፈም።

ይህን ሁሉ የልጁ አባት ሙነወር አያውቅም። እሱ ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሶላቱን አያሳልፍም፤ ክንዱ ላይ ክር ያሰረ ሰው ሲያይ «ሺርክ ነው፣ በአላህ ማጋራት» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ልጁን በስልክ ዘይኑልአቢዲን ብሎ ሰይሞታል። በየጁምዓው ይደውልና «ልጄ እንዴት ነው?» ይላል። ሂዳያም ያችን ቃል በሰማች ቁጥር ስልኩን በመዳፏ ከልላ ዙሪያዋን ታያለች።

ኅዳር እንደገባ፣ ቀትር ላይ፣ ጁምዓ ባልሆነ ቀን ደወለ። ከካናዳ ኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጥቷል።

የደብዳቤው ነገር እንዲህ ነው። ልጁ ካናዳ ቢወለድ ኖሮ እትብቱ ሳይደርቅ የአገሩ ዜጋ ይሆን ነበር። የተወለደው ሐይቅ ላይ ነው፤ አባትና እናቱም የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት ገና አላገኙም። ስለዚህ እንደማንኛውም ባዳ በር ማንኳኳት አለበት፤ አባቱ ስፖንሰር ሆኖ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ለገዛ ልጁ የመኖሪያ ፈቃድ ይለምንለታል። ሙነወር ማመልከቻውን ካስገባ ቆይቷል። አሁን የእናትና የአባት ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት በሠላሳ ቀን ውስጥ አቅርቡ ተብሏል። ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል። ውሸት የተገኘበት ደግሞ ለዓመታት ደጃቸውን አይረግጥም። ሂዳያ ወደ ሥራዋ መመለሻዋ ጥር ነው፤ ጥር ላይ ወይ የልጁን ነገር ፈር አስይዛ ትሄዳለች፣ ወይ ሥራዋን አጥታ ከነልጇ እዚህ ትቀራለች።

ሙነወር «ቀበሌ ሄዶ ማውጣት ምን ችግር አለው?» አለ። ሩቅ ላለ ሰው ሁሉም ነገር ቀላል ነው። እሷም ኢንሻአላህ ብላ ስልኩን ዘጋች። 

ቀበሌ ያለው መዝጋቢ መልከ ጼዴቅ የሚባል መነጽራም ወጣት ነው። ሂዳያ ከመንገድ ጀምራ ቃላት ስትመርጥ ነው የመጣችው፤ «የወለድኩት እኔ ነኝ» ብዬ አልፋለሁ፣ ያችን ቃል አልጠራትም ብላ ቆርጣለች። ወረፋዋ ደርሶ የተወለደበትን ቀንና ቤቱን ከተናገረች በኋላ መዝጋቢው ልጁ ለሷ ምኗ እንደሆነ ጠየቃት። የወለድኩት እኔ ነኝ አለች። እሱ ግን ቀና ሳይል ደገመው፤ ልጅሽ ነው፣ የእህትሽ ነው፣ የማሳደግ ነው? ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

«ልጄ ነው» አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሏን ራሷ ስትሰማት ወደ በሩም ወደ መስኮቱም አየች። መዝጋቢው ግን መዝገቡን እያገላበጠ ነበርና ምንም አላስተዋለም። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። የዚህ ቤት ልጅ ሐምሌ ላይ ተመዝግቧል አላት። ስም፣ የኋላሸት። እናት፣ ሠርክአዲስ። የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

እንዴት እንደሆነ ለመገመት ብዙ አላስቸገራትም። ለክትባት ይዛው የምትሄደው ሠርክአዲስ ናት። ካርድ የምትጽፈው ልጅ «የማነው?» ብላ ስትጠይቅ ሠርክአዲስ እንደ ቃል ኪዳኗ የኔ ብላለች። ያ ካርድ ወረቀት ሆነ፣ ወረቀቱ ቀበሌ መጣ፣ ቀበሌም መዝገብ ላይ ገለበጠው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሠርክአዲስ ሾተላይን ስታታልል መንግሥትንም አብራ አታለለችው፣ ይኸው ነው።

መልከ ጼዴቅ የቀሩት ሰዎች ጥቂት እንዲጠብቁ ነግሮ ሂዳያን ወደ ጥግ ወሰዳት። ነገሩ ገብቶታል። መዝገቡ የሚቃናው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ እንደሆነ፣ ሠርክአዲስም ቀርባ መመስከር እንዳለባት ነገራት። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ዳኛው ግን ከየት እንደሚሆን አይታወቅም። ከውጭ የመጣች ሴት በሌላ ሴት ስም የተመዘገበ ሕፃን ይዛ ልትወጣ ነው ቢባል ምን ይመስላል? እዚያ ገብታችሁ ሸጥን ገዛን እንዳትሉ። ሰው መሸጥ ያሳስራል።»

ሂዳያን እግሯ ራሱ እየመራ ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰዳት። ሠርክአዲስ ዘይት ላይ ዓሣ እያገላበጠች ነበር። ሁሉንም ሰማቻት፤ ደብዳቤውን፣ ሠላሳውን ቀን፣ መዝገቡን፣ ፍርድ ቤቱን። አንድም ቦታ ላይ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ብቻ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

«እዚያ ገብቼ ምን ልበል ነው?»

«የኔ አይደለም በይ፣ እትዬ። ሌላ ምንም።»

«እሱን አልልም» አለች ሠርክአዲስ። «ከገዢው አፍ እንዲህ የወጣ ቀን ልጁ ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለውን ማን እንደሚወስደው ታውቂያለሽ።» ከዚያ የሂዳያን ፊት ትክ ብላ አየችው። «አንቺስ ቀበሌ ምን አልሽ?»

ሂዳያ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ሠርክአዲስ ሌላ አልጠየቀችም፤ የተጠበሰውን ዓሣ እንኳ ማውጣቷን ረስታ አሳረረችው።

በነጋታው ጠዋት ሂዳያ ልጁን አጥብታ ለእናቷ ትታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄደች። ወረፋ ነበረ፤ ስትመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ዙለይሃ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች። እጇ ባዶ ነው። ሠርክአዲስ እንደ ልማዷ ልጇን ልታይ መጥታ፣ ታቅፋው ወጥታ፣ አልተመለሰችም። ቤቷ ተቆልፏል። ዓሣ የምትጠብስበት ምድጃ ዛሬ አልተለኮሰም። ስልኳ ዝግ ነው።

መንገድ ዳር ያለው ባለባጃጅ ሙዘይን አይቷታል። ልጁን በጋቢ ጠቅልላ፣ ፊቱን ሸፍና፣ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሟ ወዳለበት ወደ ውጫሌ የሚሄደውን ሚኒባስ ተሳፈረች። ሰላም ሲላት አልመለሰችም። ሙዘይን እንደ ዋዛ ነበር የነገራት፤ የሂዳያን ፊት ሲያይ ግን ደነገጠ።

ፖሊስ ጋ መሄድ አሰበች። ሄዳስ ምን ትላለች? ልጄን ወሰደችብኝ? መዝገቡ ይወጣል፤ መዝገቡ ላይ እናት ሠርክአዲስ ናት። እናት ልጇን ይዛ ወንድሟ ቤት ብትሄድ ምን ወንጀል አለበት? ይልቅ አንቺ ማን ነሽ ትባላለች። ወደ ሽማግሌ ብትሄድም ያው ነው፤ ሸጠሽ የለም ወይ ይሏታል። ዙለይሃም ራሷ ተናገረችው፦ «ገዝታዋለች እኮ፣ ሂዳያ። እኔው ነኝ በገዛ እጄ በመስኮት ያቀበልኳት።» የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ሾተላይን ሲሸሹ ሠርክአዲስ እጅ ላይ ወደቁ፤ እንዲህ ብላ አሰበች ሂዳያ፣ አስባም አፈረች፣ አፍራም ማሰቧን አልተወችም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ ሞት ነበር። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን አልገፋ አለ። የአምባሰል ተራራ በመስኮቱ በኩል መጣ፤ አላየችውም። የምታየው ሌላ ነው። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል፤ ሻሿን አውርዳ ሸፈነችው። ሠርክአዲስ ወልዳ የማታውቅ ሴት ናት። ስድስት ወር ሙሉ አገሩ ሁሉ እናቱ ነሽ ሲላት ከርሟል። እንኳን ሰው፣ ድንጋይም ቢሆን ስድስት ወር እናት ነህ ቢሉት ያምናል። ደግሞስ የዚያን ቀን መስኮቱ ሥር ስትቆም፣ ቁናውን ስታቅፍ፣ ዐይኗ ውስጥ የነበረው ደስታ የጨዋታ ነበር?

የሠርክአዲስ ወንድም መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ቤት ከውጫሌ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሂዳያ ልጅ ሆና ለሠርግ መጥታበታለች። አቀበቱን በሩጫ ወጣችው። መሪጌታው ደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ ስትመጣ ሲያዩ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁላት። «እውስጥ ናቸው» አሉ።

ሠርክአዲስ መደብ ላይ ተቀምጣ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ሂዳያ ነጥቃ ወሰደችው። ልትጮህ፣ ልትሳደብ፣ አቀበቱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችውን ልትናገር አፏን ስትከፍት እጇ አንገቱን ነካ። ልጁ ይቃጠላል።

«ጠዋት ሳቅፈው እንዲህ ነው» አለች ሠርክአዲስ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ትናንት ያልሽውን ሰምቶ መጣ አልኩ። ሰፈሩን ያውቀዋል፣ ቤቱን ያውቀዋል፤ ወደማያውቀው ይዤው ልውጣ ብዬ ነው።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ልጄ ብለሽ ትጮኺ ነበር።»

 ሂዳያ ሚኒባሱ ላይ፣ አቀበቱ ላይ፣ ከከንፈሯ በታች ስትል የመጣችው ሌላ አልነበረም፤ ልጄን፣ ልጄን፣ ልጄን። እንግዲህ ሾተላይ ትናንት ከሰማ ዛሬም ሰምቷል ማለት ነው። የመጀመሪያዋ እንዲህ ነበረች፣ በሦስተኛው ቀን ትኩስ ሆና ውላ ስትቀዘቅዝ።  ጡቷን አውጥታ አፉ ላይ አደረገችው። ፊቱን አዞረ።

ያኔ ነው ካናዳ የኖረችበት ስድስት ዓመት ከእንቅልፉ የነቃው። ከሾተላይ ጋር ለመነጋገር ጊዜ የለም፤ ጤና ጣቢያ ነው አለች። ሠርክአዲስ ከቤት እንዳይወጣ ብላ ልትከላከል ስትነሳ መሪጌታው ዣንጥላቸውን አንስተው ቀድመው ወጡ፤ ጥላ ይዘውለት ቁልቁለቱን ወረዱ። ያን መንገድ ሂዳያ ስትሮጥ የልጁን ትንፋሽ ለመስማት እየቆመች፣ እየቆመችም በመዘግየቷ እየተሸበረች ነበር። ከኋላዋ ሠርክአዲስ የማርያምን ስም ትጠራለች። እሷ ያ ረቢ ትላለች። ሰሚ ካለ ከሁለቱ አንዱ ይደርሳል መቼም።

የውጫሌዋ ነርስ ጆሮውን አየች። የጆሮ ሕመም ነው አለች፤ ደግሞም ጥርስ ሊያበቅል ነው። ሽሮፕ ሰጠችው፣ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አስያዘቻቸው፣ እዚሁ ጠብቁ አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስቱም አግዳሚው ላይ ጨርቁን እየተቀባበሉ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ አላበው። ቀጥሎ ጡት ፈለገ። ሂዳያ እያጠባችው እንባዋ ጸጉሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ሠርክአዲስ ከጎኗ ሆና ወደ ፊት ወደ ፊት እያየች ተናገረች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። መኪናው ላይ አንዲት ሴት የማነው አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ለሾተላይ ብዬ አልነበረም ያልኩት።»

ሂዳያ ልጁን ጠበቅ አደረገችው። ከተሳፈረች ጀምሮ የፈራችው ይኼው ነው፤ ተነግሮ ሲሰማ ግን እንደ ጠበቀችው አላስቆጣትም፤ ፈራች እንጂ። ይህች ሴት ዳኛ ፊት ቆማ ይህንኑ ብትደግመው ልጁ ከእጇ ወጣ ማለት ነው። መዝገቡ የሷ ነው፤ ክትባቱ የሷ ነው። መሪጌታውን ቀና ብላ አየቻቸው። እህታቸው በመጽሐፍ ምላ ሐሰት እንደማትናገር፣ እሳቸውም ተናገሪ እንደማይሏት፣ እውነቱን ስትናገር ግን አጠገቧ እንደሚቆሙ ነገሯት። ማጽናኛ ነው ብለው ነው። ለሂዳያ ግን እውነት ማለት ሽያጩ ነበር፤ ሽያጩ ደግሞ ወኅኒ ነው።

በዚያው ሳምንት ለሙነወር ሁሉንም ነገረችው። መስኮቱን፣ ቁናውን፣ ስሙን፣ መዝገቡን። ሺርክ ነው ብሎ እስኪጮህባት ጠበቀች። እሱ ግን አልጮኸባትም።

«እኔ በየሳምንቱ ልጄ ስለው ነው የኖርኩት» አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ከዚያ ወዲህ ሲደውል «እንዴት ነው?» ብቻ ይላል። ማን እንደሆነ አይጠራም።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የደረሰው ከሠላሳው ቀን አሥራ ዘጠኙ ካለቀ በኋላ ነው። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ዳኛዋ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት፤ በጎኗ ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሂዳያ ፖሊሱን ላለማየት ስትጥር ከሱ ሌላ አልታይ አላት። ልጁ ሠርክአዲስ ጭን ላይ ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ወደሷ እጁን ዘርግቶ ሄደባት፤ ሂዳያም መከልከል አልቻለችም።

ሠርክአዲስ በመጽሐፍ ቅዱስ ማለች። ዳኛዋ ሕፃኑ በስሟ እንዴት ሊመዘገብ እንደቻለ ጠየቀቻት።

«ገዝቼው ነው» አለች ሠርክአዲስ።

የጸሐፊው ጣቶች ቆሙ። ዙለይሃ ከኋላ አግዳሚ ላይ «ያ ረቢ» አለች። ዳኛዋ ከማን ብላ ጠየቀች። ከእናትየዋ እናት፣ በጓሮ መስኮት። በምን? በአንድ ቁና ማሽላ። ሠርክአዲስ ጥያቄውን ሁሉ እንደ ገበያ ወሬ ቀጥ አድርጋ መለሰች፤ አልደበቀችም፣ አላስጌጠችም። ሂዳያ የፖሊሱ ጫማ ሲንቀሳቀስ ሰማች። አለቀ አለች በሆዷ፤ ልጁም ሄደ፣ እናቴም ልትታሰር ነው፣ የእርጅናዋን ዘመን ወኅኒ ልትጨርሰው ነው። 

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። ሂዳያን አየቻት፣ ልጁን አየችው።

«ስንት ሞተውባት ነበር?» አለች።

«ሁለት» አለች ሠርክአዲስ።

ዳኛዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ለጸሐፊው፣ በአካባቢው ልማድ መሠረት ሕፃኑን ለጥበቃ መቀበሏን አስረዳች ብለህ ጻፍ አለችው። ሠርክአዲስ ለጥበቃ አይደለም፣ ገዝቼ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ መሪጌታው በኃይል ሳሉ። ነገሩ ግን ገና አላለቀም ነበር። ዳኛዋ መዝገቡ ግልጽ መሆን እንዳለበት ተናግራ የመጨረሻውን ጥያቄ አስከተለች፤ ሕፃኑ የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?

ሠርክአዲስ ወደ ታች አየች። ልጁ የነጠላውን ጫፍ ከአፉ አውጥቶ ሊሰጣት ይዘረጋል። ተቀበለችው። ዳኛዋ ጥያቄውን ደገመችው።  ሠርክአዲስ በዚያው ጫፍ የልጁን አፍ ጠረገች።

«የወለደችው እሷ ናት» አለች ሠርክአዲስ። «የሷ ነው።»

የኔ አይደለም አላለችም። ዳኛዋም ይህ ይበቃል ብላ ወደ ሂዳያ ዞረች። በቁርኣን አስማለቻት። የልጁ እናት እንደሆነች፣ ልጁም ልጇ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሂዳያ ራሷን ነቀነቀች።

«ራስ መነቅነቅ መዝገብ ላይ አይሰፍርም» አለች ዳኛዋ። «በቃል ይናገሩ። ልጅዎ ነው?»

ጥርስ ነው ብላለች ነርሷ፤ ጆሮ ነው ብላለች። ሂዳያ ይህን ታውቃለች፤ ሽሮፑንም በገዛ እጇ አጠጥታ ትኩሳቱ ሲወርድ አይታለች። ቢሆንስ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አንዴ ቀበሌ አለችውና በነጋታው እሳት ሆኖ ዋለ። አሁን ደግሞ በመሐላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንግሥት ፊት፣ ልጁ ራሱ እየሰማ። ከክፍሉ ያውጡት ልትል አሰበች፤ እሱንም ለማለት ስሙን መጥራት ሊኖርባት ነው፤ የትኛውን ስም? ቃሉን ካላለች ወረቀቱ የለም፤ ወረቀቱ ከሌለ ሠላሳው ቀን ያልቃል፣ አባቱም በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ቃሉን ካለች ደግሞ የሚሰማው ዳኛዋ ብቻ አይደለችም። እነዚያን ሁለቱን አሰበቻቸው። እነሱን ልጄ ያለቻቸው ስንት ጊዜ ነበር? የመጀመሪያዋን ሦስት ቀን ሙሉ ስታቆላምጣት ነበር። ከአፏ ሌላ ነገር አልወጣም ነበር ያኔ።

«ልጄ ነው» አለች።

ጸሐፊው አልተሰማኝም አለ።

«ልጄ ነው።»

ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ አለ። ልጁ ድምጿን ሰምቶ ዞር ብሎ አያት፤ አልሳቀም፣ አላለቀሰም፣ አያት ብቻ። ዳኛዋ መዝገቡ እንዲቃና፣ የሕፃኑ ስም ዘይኑልአቢዲን ሙነወር፣ የእናቱ ስም ሂዳያ ሙሐመድሁሴን ተብሎ እንዲጻፍ ወሰነች፤ የትእዛዙን ግልባጭ ከሰዓት በኋላ ኑና ውሰዱ አለች። ሁሉም ነገር ከሽንኩርት መላጥ ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ከችሎቱ ደጅ ሙዘይን ሊወስዳቸው ባጃጁን ሊያመጣ ሄዷል። ዙለይሃ ከመሪጌታው ጋር ወደ ኋላ ቀርታለች። ሠርክአዲስ ቆም አለች፤ ልጁን ከክንዷ አላቃ ለሂዳያ ዘረጋችላት።

«እንኪ ልጅሽን» አለች።

ልጁ ወደ ሠርክአዲስ ተመልሶ ተንጠራራ፤ ሲቀርበትም አለቀሰ። ሠርክአዲስ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሰብስባ አንድ እርምጃ ራቀች። ስድስት ወር ሙሉ ሲያለቅስ ቀድሞ የሚነሳው እጅ የሷ ነበር። ሂዳያ ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እያባበለች መዳፏን ግንባሩ ላይ ጣለች።

«ይሞቃል?» አለች ሠርክአዲስ ሳትጠጋ።

«አይሞቅም።»

«ደህና አድርገሽ እዪው።»

ደህና አድርጋ አየችው። አይሞቅም፤ የለቅሶ ሙቀት ካልሆነ። ወይስ ይሞቃል? እስከ ትናንት ድረስ እንዲህ ልቧ ሲጠራጠር፣ የሠርክአዲስ ነው ብላ ለራሷ ትነግርና ትረጋጋ ነበር። አሁን እንዲያ የምትለው የላትም። ልጁ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሷ ነው፤ የሚመጣውም ነገር ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ወደሷ በር ነው የሚመጣው፣ ሐይቅም ብትሆን ኤድመንተን። ሠርክአዲስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች።

«አብሽሪ» አለቻት ሳትዞር። «እናቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው።»

ባጃጁ እስኪመጣ ድረስ ሂዳያ መዳፏን ከግንባሩ ላይ አላነሳችም።